ልብ ወለድ መሆኑን ያልነገርኩት መጽሐፍ

ባለፈው ሰኔ ማለቂያ ላይ ጡረታ ወጣሁ። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ጋቢ አለበሱኝ፤ አዲሱ ኃላፊ ስሜን ከወረቀት ላይ አሳስቶ አነበበ፤ ለስላሳ ተጠጣና ተበታተንን። በቦታዬ የተተካችው ልጅ እስከ በሩ ሸኘችኝና «እትዬ ውዴ፣ ሥራውን እንዴት እንደሠሩት ቢጽፉልን ምናለ?» አለችኝ። «ምኑ ይጻፋል፤ መጽሐፍ ማዋስና መቀበል ነው» አልኳት። እንደዚያ አይደለም። ሊጻፍ የሚገባው ነገር እንዳለ አራት ዓመት ሙሉ ሳውቀው ኖሬአለሁ። ከመጻፌ በፊት ግን ሄጄ የምነግራቸው ሰዎች ነበሩ። አሁን ነግሬአቸዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት በላስታ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በኩልመስክ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ወረዳው «የንባብ ክፍል ሠራተኛ» ብሎ ቀጠረኝ። ክፍሉ አንድ መደርደሪያና ሁለት አግዳሚ ወንበር ነበረው። መጻሕፍቱ አብዛኞቹ የግብርና መመሪያ ናቸው፤ ሰው የሚገባውም ዝናብ ሲይዘው ነው። ሦስት ዓመት አቧራ ሳራግፍ ቆይቼ ወደ ላሊበላ ቤተ መጻሕፍት ተዛወርኩ።

ላሊበላ የተቀበሉኝ ጋሽ ስዩም ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው ነበሩ። አባታቸው ለአብያተ ክርስቲያናት ብራና ይጠርዙ ስለነበር እሳቸውም የመጻሕፍት ጥገናን ከልጅነት ያውቁታል። የመጀመሪያ ቀን ሥራ አላሠሩኝም። «እጅሽን አሳዪኝ» አሉ። አሳየኋቸው። «ታጥበሽ ነይ» አሉ። ታጥቤ መጣሁ። «አሁን ቁጭ በይና አንብቢ። ያላነበብሽውን መጽሐፍ ለሰው አትሰጪም።»

እሳቸው ያላነበቡት መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አይወጣም ነበር። ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ሰው ይስቅባቸው ነበር እንጂ አልተዉትም። መጽሐፍ ሲያውሱ ዓይነቱን በቃል ይናገራሉ። «ይህ ታሪክ ነው፤ የሆነ ነገር ነው የተጻፈው። ይህ ልብ ወለድ ነው፤ ሰውየው አስቦ የጻፈው ነው።» ለተማሪውም ለመምህሩም እንደዚሁ። አንድ ቀን አንድ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ተቆጡ።

«ልብ ወለድ መሆኑን አላውቅም ብለው ነው?»

«እርስዎ ያውቃሉ» አሏቸው ጋሽ ስዩም። «ከእርስዎ ተውሶ የሚያነበው ጎረቤትዎ ግን ላያውቅ ይችላል።»

ጥገናውን ያስተማሩኝ በዝግታ ነው። የተበታተነውን ጥራዝ ለይቶ ማስተካከል፣ በወስፌ መብሳት፣ ሰም በተቀባ ክር መስፋት። ሙጫውን ከስንዴ ዱቄት ያበስሉና አይጥና ነቀዝ እንዳይበላው ሬት ይጨምሩበታል፤ ስለዚህ የእሳቸው እጅ የነካው መጽሐፍ ሁሉ ይመርራል። ጀርባውን በአቡጀዲ ያለብሱና በሁለት ሳንቃ መካከል አድርገው ድንጋይ ይጭኑበታል። ሁለት ቀን ሳይሞላው አይነካም። ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁት ለፊተኛው ቅጠል ነበር። ርዕሱ፣ የጸሐፊው ስምና የመጽሐፉ ዓይነት ያለበትን ማለቴ ነው። ቢቀደድ፣ ቢበሰብስ፣ ግማሹ ቢጠፋ እንኳ የቀረውን በአዲስ ወረቀት ላይ ይለጥፉታል፤ የጎደለውን በእጃቸው ይጽፉታል። «ሰው ማንነቱን ሳይናገር ቤት አይገባም» ይሉ ነበር። «መጽሐፍም እንደዚያው።»

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ቤቱ ለእኔ ተተወ። አለቆች ተፈራረቁብኝ። አንዱ ቤተ መጻሕፍቱን የወንበር መጋዘን አደረገው፤ አንዱ በየወሩ የማያነበውን ሪፖርት ያስጽፈኝ ነበር። ደመወዙ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነው። እኔ ግን ሥራዬን እወድ ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ የአንባብያን አስተያየት መዝገቡን። መጽሐፍ የመለሰ ሰው የተሰማውን የሚጽፍበት ወፍራም ደብተር ነው። ጋሽ ስዩም ነበሩ ያስጀመሩት።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ በስጦታ የመጣ ሳጥን ስከፍት «የነጩ ካባ ዘመን» የሚል መጽሐፍ አገኘሁ። አንድ የውጭ አገር የካቶሊክ ቄስ የጻፈው፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ ልብ ወለድ ነው። የዓለምን ፍጻሜ ይተርካል። መጀመሪያ በሽታ ይመጣል፤ ከዚያ አንበጣና ረሃብ፤ ከዚያ ሕዝብን ሁሉ አስታርቃለሁ የሚል ነጭ ካባ የለበሰ ሰው ይነሣል። የሮማው ጳጳስ ከከተማው ይባረራል። በመጨረሻ ሦስት ቀን ጨለማ ይሆናል። በነዚያ ቀናት ያ ባለ ነጭ ካባ አሳች በየደጁ እየዞረ በዘመድ ድምፅ ይጣራል፤ የከፈተ ይጠፋል፣ ያልከፈተ ይድናል። አንድ ሌሊት ሙሉ ሳላስቀምጠው አነበብኩት። ሰውየው መጻፍ ይችላል።

ስለዚያ መጽሐፍ የተጻፈውን ያህል በመዝገቡ ላይ ስለ ሌላ መጽሐፍ አልተጻፈም። አንድ ዲያቆን «የካቶሊክ መጽሐፍ በቅዱስ ላሊበላ አገር ምን ይሠራል? ይውጣ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ አንድ አረጋዊ ካህን፣ በቀጭን የቁም ጽሕፈት፣ «ፍጻሜው የሁላችን ነው፤ ቀኑን አውቃለሁ ማለት ግን የማንም አይደለም» አሉ። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ «የዳኑት ለምን ሁሉም ወንዶች ሆኑ?» ብላ ጠየቀች። አንድ አስጎብኚ ደግሞ እንዲህ አለ፦ «በእነሱ አገር የዓለም ፍጻሜ የሚጀምረው መብራት ሲጠፋ ነው። እንደዚያ ከሆነ እኛ ጋ ከጀመረ ቆይቷል።» ሰው ይህን ለማንበብ ብቻ ይመጣ ነበር። በዲያቆኑ አስተያየት የተነሣ አንዱ አለቃዬ መጽሐፉን ላውጣው ብሎ ነበር፤ ተከራክሬ አስቀረሁት። ኮርቼበት ነበር።

ከዚያ ዓለምን ሁሉ ቤት ያስቀመጠው በሽታ መጣ። እንግዳ ቀረ፤ ሆቴሎች ተዘጉ፤ አስጎብኚዎቹ ሥራ ፈትተው ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ይውሉ ጀመር። በዚያው ሰሞን አንበጣው ላስታን ወረረ፤ ገብሱን በቁሙ በላው። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ያው አስጎብኚ ተመልሶ በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ጨመረ፦ «የተጻፈው ሁሉ እየደረሰ ነው።» ቀልዱን ይሁን ከልቡ አልጠየቅኩትም። በክረምት ጣሪያው አፈሰሰና መጽሐፉ ራሰ። ልጠግነው አወጣሁት። የፊተኛው ቅጠልና የተርጓሚው ማስታወሻ ከሽፋኑ ጋር ተጣብቀው ነበር። ማስታወሻው «በዚህ መጽሐፍ ያለው ሁሉ ከደራሲው አእምሮ የወጣ ነው» የሚል ነበር። በእንፋሎት ቀስ ብሎ ማላቀቅ ይቻላል፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔ ግን በዝናቡ የረጠቡ ስድስት ሌሎች መጻሕፍት ይጠብቁኛል፣ የሚፈልጉት ሰዎችም በር ላይ ናቸው። ቀድጄ ጣልኩት። ከካርቶን ሽፋን ሠራሁለትና ርዕሱን ብቻ በጥቁር ቀለም ጻፍኩበት።

አቶ ካሳ ይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። በልጅነታቸው እስከ ዜማ ድረስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋል፤ ንባባቸው ከብዙ መምህራን ይበልጣል። ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ይገቡና አንድ መጽሐፍ ወስደው በሁለተኛው ቅዳሜ ይመልሳሉ። ከእኔ የወሰዱት ሁሉ ታሪክ፣ ገድል ወይም የእርሻ መጽሐፍ ነበር። ልብ ወለድ አንድም ጊዜ አልወሰዱም። ልጃቸው ፈንታው በሰሜን ወደ ተነሣው ጦርነት ከሄደ በኋላ ወሬው ጠፍቶባቸው ነበር። ጦርነቱ ወደ እኛ እየቀረበ በነበረበት በቀጣዩ ዓመት ሰኔ መጡና መዝገቡን አገላበጡ። ጣታቸውን «የተጻፈው ሁሉ እየደረሰ ነው» የሚለው መስመር ላይ አቁመው «ይህን መጽሐፍ ልየው» አሉኝ።

ብዙ ሰው ነበር። ሰጠኋቸው። «ሰው ሁሉ የሚወደው ነው» አልኳቸው። ሌላ ምንም አላልኩም።

በዚያ ክረምት የሆነውን ላሊበላ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መብራት፣ ስልክ፣ ባንክ፣ መንገድ፣ ሁሉም ተቋረጠ። ቤተ መጻሕፍቱን ቆልፌ ቤቴ ተቀመጥኩ። ጦርነቱ ከአካባቢው ርቆ ስንከፍት መስኮቱ ተሰብሯል፤ ወንበሩ ተማግዷል፤ መጻሕፍቱ ወለል ላይ ተበትነዋል። እየለቀምኩ ሳለሁ አቶ ካሳ ገቡ። መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልለው ይዘውታል። ክሳታቸው አስደነገጠኝ።

«የጻፈው ሰውዬ አይቶ ነው የጻፈው?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ጨለማውን። በዘመድ ድምፅ የሚጣራውን።»

«አላየም፣ አቶ ካሳ። ልብ ወለድ ነው።»

«ከልብ የተወለደ ማለት ነው?»

«አዎ። አስቦ የጻፈው ነው።»

«ከልብ የተወለደ ነገር ሐሰት ነው?»

ያልተሰበረ ወንበር ፈልጌ አስቀመጥኳቸው። ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ።

ነሐሴ ላይ ሦስት ቀን ጭጋግ ወረደ፤ ሰው እጁን ዘርግቶ ጣቱን አያይም ነበር። ከወዲያ ማዶ የተኩስ ድምፅ ይሰማል። አቶ ካሳ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ጥሩ ጋር ቤት ገቡና የበሩን መወርወሪያ ቀረቀሩ። በሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ አንድ ሰው በሩን መታ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ። ፈንታው ነኝ። እግሬን ቆስያለሁ» አለ። ወይዘሮ ጥሩ ተነሡ። አቶ ካሳ በሩ ላይ ተደግፈው ቆሙ። ባለቤታቸው ለመኑ፤ አልቅሰው እግራቸውን ያዙ። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። ውጭ ያለው ብዙ ጊዜ ተጣራ፤ ከዚያ ተወ። በአራተኛው ቀን ጭጋጉ ሲገፍፍ ጎረቤቶች ፈንታውን ከአጥሩ በታች፣ ከወይራው ሥር፣ እንደተቀመጠ ሞቶ አገኙት።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ ያለ እንባ ነው። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሄዱ። ከፈትኩት። ሽፋኑን ስገልጥ የሚገኘው የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። በፊቱ ምንም የለም። የቀደድኩት ቅጠል ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ጋሽ ስዩም ዘንድ ሄድኩ። ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ቤታቸው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። መጽሐፉን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት፤ ስፌቱን፣ ጀርባውን፣ ከዚያ የፊቱን። ቅጠሉ የነበረበት ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ቸኩለሽ ነበር» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ለሰውዬው ነገርሽው?»

«ልብ ወለድ መሆኑን ነገርኳቸው።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

ቅጠሉን ስለ መቅደዴ ማለታቸው ነበር። «ሄደሽ ንገሪው» አሉኝ። «ልጁን አይመልስለትም። ግን ጥፋቱን ሁሉ ብቻውን ተሸክሞታል፤ ከፊሉ ያንቺ ነው።»

እሺ ብዬ ወጣሁ፤ አልሄድኩም። መንገዱ አይታመንም አልኩ። ከዚያ ሥራ በዛ አልኩ። ጋሽ ስዩምን ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ «ነገርሽው?» ይሉኝ ነበር። «ገና ነኝ ጋሼ» እላለሁ። አይቆጡም። ዓመት ከመንፈቅ እንደዚህ ከጠየቁኝ በኋላ ዐረፉ። በቀብራቸው ላይ ካለቀስኩት ለቅሶ ግማሹ የእፍረት ነበር። አቶ ካሳ ከዚያ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን አልረገጡም። ገበያ ላይ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር። መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርጄ ከመሳቢያዬ ቆልፌበት ነበር፤ ሰው ሲጠይቀኝ «ጠፍቷል» እል ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሠራሁበት ቤት መጽሐፍ የደበቅኩት ያንን ብቻ ነው።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ተነሥቼ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ፤ ከዚያ በእግሬ ቁልቁለቱን ወረድኩ። መጽሐፉን ይዤዋለሁ። ቤቱን ልጆች አሳዩኝ። አቶ ካሳ ደጃፍ ላይ ሞፈር ሲጠርቡ አገኘኋቸው፤ ሳያቋርጡ «ግቡ» አሉኝ። መጥረቢያቸውን እንደያዙ ተከትለውኝ ገቡ፤ ወይዘሮ ጥሩ ውስጥ ነበሩ። ዐጭር፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ከዚያ ቀን በፊት አይቻቸው አላውቅም። አግዳሚው መደብ ላይ ተቀመጥኩና ውኃም ሳልቀምስ ነገርኳቸው። ቅጠሉን፣ በእሱ ላይ የነበረውን ቃል፣ መቅደዴን፣ ሳውስ ዝም ማለቴን፣ አራት ዓመት መደበቄን።

አቶ ካሳ መጥረቢያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ቅጠሉ ቢኖር እከፍት ነበር?» አሉ። እኔን ይሁን ራሳቸውን እንደጠየቁ አላወቅኩም። «እንጃ። ያን ቀን ያገሩ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ነበር። የፈራ ሰው ይዘጋል፤ በዚያ ማንም አይፈርድበትም። እኔ ግን አልፈራሁም ነበር። የሚገድለኝ ይኸው ነው። ምንም አልፈራሁም። አውቃለሁ ብዬ ነው የዘጋሁት።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እኔ ማን ሆኜ ነው ይቅር የምል» አሉና ተነሥተው ወጡ። የመጥረቢያው ድምፅ እንደገና ተሰማ።

ወይዘሮ ጥሩ ከምድጃው አጠገብ ነበሩ። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና መጽሐፉን በዓይናቸው አመለከቱኝ። «የድምፁን ነገር ያለበትን አንብቡልኝ» አሉኝ። ገጹን ፈልጌ አነበብኩላቸው። አሳቹ በወንድም ድምፅ ይጣራል፤ በአባት ድምፅ ይጣራል፤ በልጅ ድምፅ ይጣራል። ውስጥ ያሉት ይጸልያሉ። በሩ አይከፈትም። ንጋት ይሆናል።

«እናቲቱስ ምን አለች?» አሉ።

«እናት የለችበትም።»

«በቤቱ ውስጥ?»

«የለችም። በመጽሐፉ ውስጥም የለችም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ድምፁን አውቄዋለሁ፤ ልጄ ነው አልኩት ካሳን። 'ድምፁ እንዲያ እንደሚሆን ተጽፏል' አለኝ። ምን ልበለው? ፊደል አልቆጠርኩ። ተጽፏል ሲለኝ አፌ ተያዘ።»

ሊሸኙኝ እስከ ዳገቱ ግማሽ ድረስ መጡ። መጽሐፉን ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ላቃጥለው አስቤ ነበር። «አይቃጠል» አሉ። «ምን እንደሆነ ጻፉበትና ከቦታው መልሱት።» በሌላው ሳምንት ጡረተኛ ሆኜ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄጄ፣ ለተተካችው ልጅ እያሳየሁ፣ አዲስ የፊት ቅጠል ሰፋሁለትና ልብ ወለድ መሆኑን በእጄ ጻፍኩበት። ያን ዕለት ዳገቱ ላይ ግን ወይዘሮ ጥሩ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ቆሙና «አሁን ሥራ የለዎትም አይደል?» አሉኝ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው ፊደል አስቆጥሩኝ። ሁለተኛ ማንም ሰው ተጽፏል እንዳይለኝ።»

ይኸው ስድስት ወር ሆነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ እኔ ቤት ይገባሉ፤ ዘንቢላቸውን ከበሩ ጥግ አስቀምጠው ይቀመጣሉ። እጃቸው ከበድ ያለ ነው፤ እርሳሱን እንደ ማጭድ ይይዙታል። አንድ ፊደል ሳይጠነቅቁ ወደ ሌላው ማለፍ አይወዱም። ስሕተት ሲያገኙ አያፍሩም፤ በላጲስ አጥፍተው እንደገና ይጀምራሉ። ስለ ባለቤታቸው አንዳንዴ ይነግሩኛል። በአንድ ቤት ናቸው፤ እህል አብረው ይበላሉ፤ ብዙ አይነጋገሩም።

ባለፈው ቅዳሜ ፀን ከነቤተሰቡ ጨረስን። ሰባቱንም ሳይሳሳቱ ጻፏቸው። ገጹን ገለበጥኩ። ቀጥሎ ያለው ፈ ነው፤ የልጃቸው ስም የሚጀምርበት። ፊደሉን አዩት። መልኩን ከዚያ በፊት ያወቁት ይመስለኛል፤ በመቃብሩ መስቀል ላይ ተጽፏል። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳረፉት፤ አልጻፉም።

«እሱ ለሌላ ቅዳሜ ይሁን» አሉና መቀነታቸውን አጥብቀው ተነሡ።